ያልተንኳኳ በር

ኮፕሊ ነው ቤቴ፤ ታሊን ጫፍ፣ ትራሙ ዞሮ የሚመለስበት፣
የእንጨት ቤት ከእንጨት ቤት ተደጋግፎ የሚያረጅበት።
ሊፍት ጠጋኝ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ በሰው ፎቅ ወጥቼ ወርጄ፣
ማታ የልጄ ወንበር ላይ ነኝ፣ ግራሶው ሳይለቅ ከእጄ።
ማርጉስ ታርቱ ሲገባ ማሽኑን ትቶልኝ፣
«እማ፣ ከግድግዳ ጋር ከምታወሪ ተጫወቺ» አለኝ።

መጀመሪያ የከፈትኩት ዘንዶ ነበረው፣ ሰይፍም ነበረው፣
ምላስም ነበረው፤ የጨዋታው ሕዝብ ሁሉ አፉን ማን ይዝጋው?
ሽማግሌው ስለ ንጉሡ፣ አንጥረኛው ስለ ጦርነቱ፣
በቅሎ ጫኙ ስለ አያት ቅድመ አያቱ።
መልካቸውስ ያምራል፤ ቅጠሉ ይረግፋል አንድ በአንድ፤
«ዓለም ያላንቺ አትድንም» አለኝ አንዱ ባለ ዘውድ፣
የኔ የመብራት ዕዳ እንኳ ገና በቀጠሮ ሲሄድ።
ዘጋሁት።

ሁለተኛው ዝም አለ።
የፖስታ ሴት ነኝ፤ ደሴት ላይ፤ ጀልባው ጥሎኝ ሄዷል።
ዝናብ ነው። አንድ ውሻ አየኝ፤ አየኝና ተመልሶ ተኝቷል።
ሰው የለም፤ ወይም አለ፤ መጋረጃው ትንሽ ይንቀሳቀሳል።
ባዶ ቤት ገባሁ፤ መሳቢያ ሳብኩ፤ የተጣጠፈ ወረቀት፦
«ዳቦ። ሻማ። የሳል ሽሮፕ፣ ሁለት።
ለያልማር እንዳትነግሪው።»
ይኸው ነው፤ ሌላ ፊደል የለበት።

ማን እንደሚያስል አልነገሩኝ፣ ማን ከማን እንደደበቀም፤
ሻዬ ቀዘቀዘ፣ እኔም ከወንበሬ አልተንቀሳቀስኩም።
በሙያዬ የማውቀው ይኼን ነው፦ ደህና ሊፍት ገመዱ አይሰማም፤
ተሳፋሪው ፎቁን እንጂ የተሸከመውን አያስብም።
የሚንጫጫው ነው የሚያስፈራኝ። ድርሰትም ለኔ እንደዚያው ነው፤
«እዚህ ላይ እዘኚ» ካለኝ፣ ዕንባዬን ያደረቀው እሱው ነው።

ኡርማስ፣ የሥራ ጓዴ፣ ቁልፍ ሊመልስ መጥቶ ሳቀ፤
«በዚህ ዕድሜሽ ካርቱን! ዝናቡም ካሴት» አለ፣ ኮቱን እያወለቀ።
«የመስኮቴም ዝናብ እኮ፣ ኡርማስ፣ ለኔ ብሎ አልዘነበ፤
ያኛውን ግን አንድ ሰው እንዴት ይውረድ ብሎ አሰበ።
በቆርቆሮ ላይ ሌላ ነው፣ በጀልባ ሸራ ላይ ሌላ፤
በቦርሳዬ ላይ ድምፁ ወፍራም ነው፣ ደብዳቤ እስከሞላ፤
እያደልኩ ስሄድ ይቀጥናል፣ ቦርሳው ሲጎድል ኋላ።»
አልመለሰልኝም። ወንበር ሳበ።

የመጨረሻው ደብዳቤ ጥቁር ጠርዝ አለው፤ ለኮረብታው ቤት።
ባሏ ባሕር ላይ ቀርቷል፤
በመስኮት ግን ሁለት ሳህን ይታያል፣ ለእራት።
«አንኳኪ» ይላል ጽሑፉ። ጣቴ ቁልፉ ላይ ደረቀ።
ሰኞ አላንኳኳሁም። ማክሰኞም። ረቡዕ ኡርማስ መጥቶ ጠየቀ፦
«እስከ መቼ ልትቆሚ ነው?»
ሳህኖቹን በጣቴ አሳየሁት። እሱም ቁልፉን አልነካው።
ጨዋታው አልቸኮለብኝ፤ ሰዓት አልቆጠረ፣ አልገፋኝ፤
ዝናቡ ብቻ ወረደ፣ አብሮኝ እንደሚጠብቅ ጎረቤት መሰለኝ።

ሐሙስ ሌሊት፣ ምንም ሳልነካ፣ በሩ ከውስጥ ተከፈተ።
ሴትየዋ ፋኖስ ይዛለች፤ ዓይኗ ቦርሳዬ ላይ ሰነበተ።
«ስትቆሚ አየሁሽ፤ ገብቶኛል» አለች። «በስብሰሻል፤ ግቢ።»
ሁለተኛውን ሳህን ወደኔ አስጠጋችው።

ከዓመታት በፊት፣ የት እንደሆነ በማላውቀው ክፍል ውስጥ፣
አንድ ደራሲ ተቀምጦ፣ ብዙ ሰው የማያየውን ቃል ሲመርጥ፣
«ማንኳኳት የማትችል ትኖር ይሆናል» ብሎ አስቧል፤
ስሜን ሳያውቅ፣ ለእጄ መንቀጥቀጥ ቦታ ትቷል።
ሌሎቹ ሁሉ ጀግና ሲጠብቁ፣ እሱ ፈሪ ጠበቀ።

ኡርማስ ብዙ ዝም አለ። ኮቱን ለብሶ፣
ደረጃው ጋ ደርሶ፣
«ውሻውስ?» አለኝ ተመልሶ፤
«ውሻው ገባ ወይስ ዝናብ ላይ ቀረ?»

አላስተዋልኩም ነበር።